ብርቁ ማዕድን ከመኪና ቀለም ሥር ምን ይሠራል?

ታክሲ ወይም ጓደኛ ስትጠብቁ የቆመ መኪና ተደግፋችሁ ታውቃላችሁ? ባለቤቱ መጥቶ ካልተቆጣችሁ በቀር ብዙም የሚወራለት ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት ከጀርባችሁ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ፣ የማዕድን ሰብሳቢዎች አንድ ደህና ክሪስታል ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቁለት ነገር ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል። ስሙ ፎስፎፊላይት ይባላል።

ነገሩ ግራ ያጋባል አይደል? በአንድ በኩል በዓለም ላይ ጥሩ ናሙናው በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ የተገኘ ብርቅ ማዕድን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የመኪና ፋብሪካዎች በየቀኑ በገንዳ ውስጥ ያበቅሉታል። አንድ ነገር እንዴት ብርቅም፣ በየመንገዱ የሚገኝም ይሆናል? ለዚህ መልስ ስንፈልግ ስለ አንድ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን “ብርቅ” የሚለው ቃል ራሱ ምን ማለት እንደሆነም እናያለን።

አራት ነገር ብቻ

ማዕድንን እንደ ወጥ አስቡት። ምን ምን እንደሚገባበትና መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚነግረን የኬሚካል ቀመሩ ነው። የፎስፎፊላይት ቀመር አጭር ነው፦ ሁለት ዚንክ፣ አንድ ብረት፣ ሁለት ፎስፌት፣ አራት ውሃ። በቃ። ፎስፌት የምንለው አንድ የፎስፈረስ አቶም በአራት የኦክስጅን አቶሞች ተከቦ የሚሠራውን ቡድን ነው። በክብደት ካሰላነው 100 ግራም ንጹሕ ፎስፎፊላይት ውስጥ 29 ግራም ያህል ዚንክ፣ 12 ግራም ያህል ብረት፣ 42 ግራም ያህል ፎስፌትና 16 ግራም ያህል ውሃ አለ።

“ውሃ? ድንጋይ ውስጥ?” ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ውሃ። ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ብትጨምቁት የሚወጣ እርጥበት አይደለም። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አቶም ስድስት የቅርብ ጎረቤቶች አሉት፤ ከስድስቱ አራቱ የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው። ውሃው በዚህ ቤት ውስጥ እንግዳ ሳይሆን ምሰሶ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ብታግሉት ውሃው መውጣት ይጀምራል፣ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ቤቱ ይፈርሳል።

የቀሩትንም ሦስቱን በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። ዚንክ የጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ብረት ነው፤ ጤና ጣቢያ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚሰጠው እንክብል ውስጥም አለ። ብረትን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ፎስፌት በአጥንታችሁና በጥርሳችሁ ውስጥ አለ፤ ገበሬው ማሳው ላይ በሚበትነው ማዳበሪያም ውስጥ አለ። እንግዲህ በዚህ ማዕድን ውስጥ እንደ ወርቅ ወይም ፕላቲነም ያለ ውድ ነገር አንድም የለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ማዕድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1920 ሃይንሪሽ ላውብማንና ሄርማን ሽታይንሜትስ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች ናቸው። ስሙ ሁለት ክፍል አለው። “ፎስፎ” ፎስፌትን ይጠቁማል፤ “ፊሎን” ደግሞ በግሪክኛ ቅጠል ማለት ነው። ድንጋዩ ሲሰበር እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚላቀቅ ነው ይህ ስም የወጣለት።

መልኩስ? ምርጥ የሚባሉት ክሪስታሎች ብርሃን የሚያሳልፉ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያሉ ናቸው፤ ጥልቀት የሌለው ንጹሕ የሐይቅ ዳርቻ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየውን ቀለም አስታውሱ። ቀለም የሌላቸው ወይም በጣም የገረጡም አሉ። ለዚህ ቀለም ዋናው ተጠያቂ ብረቱ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ የማዕድኑን የቅርብ ዘመድ ሆፓይትን ተመልከቱ። ሆፓይት የብረቱ ቦታ በዚንክ የተያዘበት፣ ሌላው ቀመር ግን አንድ ዓይነት የሆነ ማዕድን ነው። ንጹሑ ሆፓይት ነጭ ወይም ቀለም አልባ ነው።

ቆንጆ ግን ተሰባሪ

የጃፓን አኒሜ የምትከታተሉ ከሆነ ይህን ስም ሳትሰሙት አትቀሩም። ሃሩኮ ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. በ2012 መጻፍና መሣል የጀመረችው “ሆሴኪ ኖ ኩኒ” የተባለ ማንጋ፣ በ2017 ደግሞ ወደ አኒሜ የተለወጠው፣ ዋና ገጸ ባሕርይው ፎስፎፊላይት ነው። በታሪኩ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ የከበሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ፎስ ደግሞ ጥንካሬው ሦስት ተኩል ብቻ ስለሆነ ለውጊያ አይሆንም ተብሎ ወደ ጎን ይደረጋል። ደራሲዋ ይህን ቁጥር ከራሷ አላመጣችውም። እውነተኛው ድንጋይም እንደዚያው ነው።

ጥንካሬውን የምንለካው ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ የማዕድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው ሚዛን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ደካማውን ይጭራል። ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። የእጃችሁ ጥፍር 2.5 አካባቢ ነው። እብነ በረድ የሚሠራበት ካልሳይት 3፣ የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10። ፎስፎፊላይት ከ3 እስከ 3.5 ነው። እንግዲህ ጥፍራችሁ አይጭረውም፣ ቢላዋ ግን ያለ ችግር ይጭረዋል። ኧረ ከቢላዋ በፊት አቧራም ይጭረዋል! ተራ አቧራ ውስጥ ደቃቅ ኳርትዝ አለና፣ አቧራ ያረፈበትን ፎስፎፊላይት በደረቅ ጨርቅ መወልወል በአሸዋ ወረቀት ከማሸት አይለይም።

መጫሩ አንድ ነገር ነው፤ መሰንጠቁ ግን ሌላ ነው። እንጨት ፈልጣችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በቃጫው አቅጣጫ መጥረቢያው ሲያርፍ በአንድ ምት ለሁለት ይከፈላል፣ በአግድሙ ግን እምቢ ይላል። ብዙ ክሪስታሎችም እንደዚያ “ቃጫ” አላቸው። አቶሞቹ በአንዳንድ አቅጣጫ አጥብቀው ይያያዛሉ፣ በሌላው ላላ ይላሉ። በላላው በኩል ትንሽ ኃይል ሲያርፍ ድንጋዩ ልሙጥ ገጽ ትቶ ይላቀቃል። ፎስፎፊላይት በአንድ አቅጣጫ እጅግ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ በሌሎችም አቅጣጫዎች ደህና አድርጎ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ስብርብር ባይ ነው።

አሁን ራሳችሁን በድንጋይ ቆራጭ ቦታ አስቀምጡ። ለዓመታት የተጠበቀ ክሪስታል እጃችሁ ላይ ነው። ስትቆርጡት ይሰነጠቃል፤ ስታሞቁት ውሃው ይወጣል፤ ስታሹት ይጫራል። ለዚህ ነው ተቆርጦ የተወለወለ ፎስፎፊላይት ከስንት አንድ የሚገኘው። ተሳክቶ ቢቆረጥ እንኳን ለቀለበት አይሆንም፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች ደግሞ ጥሩ ክሪስታልን መቁረጥ ራሱ ጥፋት ነው ይላሉ፤ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል ባዮች ናቸው።

ሦስቱም ቀድመው ታጭተዋል

ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። የሚሠራበት ነገር ሁሉ የተለመደ ከሆነ ማዕድኑ ለምን ብርቅ ሆነ?

በመጀመሪያ መጠኑን እንይ። ከመሬት ቅርፊት አንድ ቶን አማካይ አለት ብንወስድ 50 ኪሎ ገደማ ብረት፣ አንድ ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ፣ 70 ግራም ገደማ ዚንክ እናገኝበታለን። ብር ግን ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛውንም አትሞላም። ስለዚህ ዚንክ ከብር ጋር ሲወዳደር ሞልቶ ተርፏል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሦስቱም ቀድመው የታጩ ናቸው!

ዚንክ ከመሬት ውስጥ በትኩስ ውሃ ተጭኖ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ድኝ ነው። ከድኝ ጋር ተጣምሮ ስፋለራይት የሚባል የተለመደ ማዕድን ይሆናል፤ የዓለም ዋነኛ የዚንክ ምንጭም እሱ ነው። ፎስፌት ደግሞ ካልሲየም ካየ ሌላ አያይም። ካልሲየም በየአለቱ በቶን 40 ኪሎ ገደማ ስላለ ፎስፌቱ ከእሱ ጋር ሆኖ አፓታይት የተባለ ማዕድን ይሠራል፤ የአጥንታችንና የጥርሳችን ማዕድንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ብረቱስ? ድኝ ካገኘ ከድኝ፣ አየር ካገኘ ከኦክስጅን ጋር ይሄዳል።

ፎስፎፊላይት እንዲወለድ ታዲያ ሦስቱ እጮኛሞች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ ከየእጮኛቸው ተለይተው መገናኘት አለባቸው። በዚያ ላይ ሁኔታው መመቻቸት አለበት። ውሃው በጣም አሲዳማ ከሆነ ማዕድኑ ይሟሟል። ሙቀቱ ከበዛ በክሪስታሉ ውስጥ ውሃ አይቆይም። ኦክስጅን ከገባ ደግሞ ብረቱ ወደ ዝገት ብረት ይለወጣል፤ ፎስፎፊላይት የሚፈልገው ገና ያልዘገተውን፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ የሰጠውን ብረት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሠርጉ ይቀራል።

ሮበርት ሄዘንና ጄሲ ኦዙቤል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የማዕድናትን ብርቅነት በአራት ምክንያት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንደኛ፣ የሚፈጠርበት ሁኔታ እጅግ ጠባብ መሆኑ። ሁለተኛ፣ የተሠራበት ንጥረ ነገር ራሱ ጥቂት መሆኑ። ሦስተኛ፣ ማዕድኑ ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ፤ ዝናብ ሲነካው የሚሟሟ አለ። አራተኛ፣ ለማየት ወይም ለመድረስ አስቸጋሪ በመሆኑ ሳይሰበሰብ መቅረቱ። የፎስፎፊላይት ነገር በዋነኛነት ወደ አንደኛው ይመደባል። የጎደለው ዕቃው አይደለም። የጎደለው መገናኛው ነው።

የተገናኙባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ቦታ በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ ከቼክ ድንበር አጠገብ ያለችው ሃገንዶርፍ ናት። ላውብማንና ሽታይንሜትስ የገለጹት ፎስፎፊላይት የተገኘው እዚያ ካለ ፔግማታይት ነው። ፔግማታይት ምን መሰላችሁ? ቀልጦ የነበረ የግራናይት አለት ከመሬት ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የተለመዱት ማዕድናት ቀድመው ይጠጥራሉ። በተለመዱት ማዕድናት ውስጥ ቦታ ያላገኘው ሁሉ፣ ማለትም ውሃው፣ ፎስፈረሱ፣ ሊቲየሙና ሌሎችም፣ መጨረሻ ላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። ያ ፈሳሽ ሲጠጥር ክሪስታሎቹ ትልልቅ የሆኑ አለት ይሰጣል። በአገራችንም በጉጂ ታንታለም የሚወጣበት ቀንጢቻ የዚሁ ዓይነት አለት ነው።

በሃገንዶርፍ ፔግማታይት ውስጥ መጀመሪያ የተፈጠረው ትሪፊላይት ነበር፤ ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት። በኋላ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ትሪፊላይቱን ሸረሸረው፤ ብረትና ፎስፌቱን ለቀቀ። እዚያው አጠገብ የነበረው ስፋለራይትም ዚንኩን ለቀቀ። እጮኛሞቹ ተለያዩ፣ አዲስ ጋብቻ ተፈጸመ ማለት ነው። ከዚህ የተወለዱት የሃገንዶርፍ ክሪስታሎች ግን አብዛኞቹ ትንንሽና ገረጣ ያሉ ናቸው።

ፎስፎፊላይትን ዝነኛ ያደረገችው ሌላ አገር ናት፦ ቦሊቪያ። እዚያ ፖቶሲ የምትባል ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከላይዋ ሴሮ ሪኮ፣ “ሀብታሙ ተራራ”፣ ቆሟል፤ ቁመቱ 4,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከራስ ዳሸን ይበልጣል። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ከዚህ ተራራ ያወጡት ብር ዓለምን ያዳረሰ ነበር፤ የተቆፈረው ደግሞ በግዳጅ በተሰለፉ የአካባቢው ተወላጆች ጉልበት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋናው ምርት የቆርቆሮ ማዕድን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተራራው ውስጥ ኡኒፊካዳ በተባለው ማዕድን ማውጫ እስከዚያ ያልታየ ነገር ተገኘ። ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ፣ ርዝመታቸው በሴንቲሜትር የሚለካ ፎስፎፊላይቶች! ሁለት ክሪስታሎች ተጣምረው እንደ ዓሣ ጭራ የሆኑም ነበሩባቸው።

እዚያ የሠራው ፔግማታይት አይደለም። ከ14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የእሳተ ገሞራ እንቅስቃሴ ትኩስ ውሃ በተራራው ስንጥቆች ውስጥ ሰደደ። ውሃው ብርና ቆርቆሮ እየጣለ አለፈ። በስንጥቁ ውስጥ ባዶ ቦታ በቀረበት፣ ሁኔታው በገጠመበት ጥቂት ቦታ፣ ፎስፎፊላይት ያለ ግፊያ ቀስ ብሎ አደገ። ዛሬ በሙዚየም መስኮት የምታዩት ምርጥ ናሙና ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ተራራ የወጣ ነው፤ የመጣውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ያ የደም ሥር ካለቀ በኋላ እሱን የሚተካ ቦታ አልተገኘም።

አፍሪካስ? የፎስፎፊላይት ዘመድ ሆፓይት በዛምቢያ፣ ካብዌ፣ ድንቅ ታሪክ አለው። እዚያ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ያለበት ኮረብታ ውስጥ በአጥንት የተሞላ ዋሻ ነበር። አጥንት ፎስፌት ነው ብለናል። ዚንክ ያዘለ ውሃ በአጥንቶቹ መካከል ሲያልፍ ሆፓይትና ሌሎች የዚንክ ፎስፌቶች በዚያው ተፈጠሩ። የጥንት እንስሳት አጥንት ለማዕድን መዋጮ አወጣ ማለት ነው። ከዚሁ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የጥንት ሰው የራስ ቅል በሰው ዘር ጥናት በጣም የታወቀ ነው።

ከተራራው ወደ ገንዳው

አሁን ወደ መኪናው። ብረት ላይ በቀጥታ ቀለም ብትቀቡ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ያምራል። በኋላ አንድ ቦታ ይጫራል፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ይስፋፋል፣ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። ቀለም ለስላሳ ብረት ላይ የሚይዘው ነገር የለውም። ሻካራ ነገር ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1906 ቶማስ ዋትስ ኮስሌት በእንግሊዝ አገር ብረትን በፎስፈሪክ አሲድ አድርጎ ከዝገት የመከላከል ዘዴ አስመዘገበ። ፎስፈሪክ አሲድ እንግዳ እንዳይመስላችሁ፤ ኮካ ኮላ ውስጥም በትንሹ አለ። ዘዴው እየተሻሻለ መጥቶ ዛሬ በብዙ የመኪና ፋብሪካዎች የሚሠራበት እንዲህ ነው።

የመኪናው ባዶ አካል ቅባቱና ቆሻሻው በደንብ ይታጠባል። ቀጥሎ እጅግ የደቀቀ የፎስፌት ብናኝ ያለበት ውሃ ይነካዋል። ይህ ብናኝ እንደ እርሾ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ክሪስታል የሚጀምርባት ዘር ትሆናለች። ከዚያ አካሉ ዚንክ፣ ፎስፌትና አሲድ ወዳለበት ገንዳ ይገባል። የገንዳው ሙቀት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ቆይታውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ።

በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚሆነው ነገር ጎበዝ ነው። አሲዱ የብረቱን ገጽ በስሱ ይበላዋል፤ ብረት ወደ ውሃው ይገባል፣ ሃይድሮጅን በአረፋ ይወጣል። አሲዱ ብረቱን ሲበላ ራሱም ያልቃል። ስለዚህ ልክ ገጹ አጠገብ ባለው ስስ ውሃ ውስጥ አሲድነቱ ይቀንሳል። አሲድነቱ ሲቀንስ ዚንክና ፎስፌት ተሟሙተው መቆየት አይችሉም፤ አሁን የወጣውን ብረት ይዘው እዚያው ብረቱ ላይ ይጠጥራሉ። ሁለት ዚንክ፣ አንድ ብረት፣ ሁለት ፎስፌት፣ አራት ውሃ። ፎስፎፊላይት!

ልብ በሉ፤ ተራራው ውስጥ ለመገናኘት ያን ያህል የተቸገሩት ሦስቱ፣ እዚህ ድኝም ካልሲየምም ሳይረብሻቸው በቀጠሮ ተገናኙ። የሚፈጠረው ንጣፍ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከፀጉራችሁ ውፍረት ብዙ እጥፍ ያንሳል። ግን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወለሉ በሙሉ በደቃቅ ክሪስታሎች ተነጥፏል። ቀለሙ በክሪስታሎቹ መካከል ሰርጎ ይገባና አጥብቆ ይይዛል።

በገንዳው ውስጥ ሆፓይትም ይፈጠራል። ብረቱ ቀድሞ በዚንክ የተለበጠ ከሆነ ገጹ ላይ የሚወጣው ብረት ስለሌለ በብዛት የሚበቅለው እሱ ነው። በተራ ብረት ላይ ሲሆን ግን መሐንዲሶች “ከሁለቱ የፎስፎፊላይቱ ድርሻ ስንት ነው?” ብለው በኤክስሬይ ይለካሉ። ለምን ይጨነቃሉ? ቀለም ሲጫርና ዝገት ሲጀምር በቀለሙ ጠርዝ ሥር ውሃው ከአሲድ ተቃራኒ ይሆናል፤ አልካሊ ይሆናል ማለት ነው። ሆፓይት በአልካሊ ቶሎ ይሟሟል፣ ፎስፎፊላይት ግን የተሻለ ይቋቋማል። ጣት ላይ ለቀለበት የማይሆነው ደካማ ድንጋይ፣ እዚህ ዝገትን ከሚያቆሙት አንዱ ሆነ። ደካማና ጠንካራ የሚባለው ነገር ለምን ሥራ እንደተፈለገ ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም።

በነገራችን ላይ፣ የተጋጨ መኪና ጋራዥ ገብቶ በአሸዋ ወረቀት እስከ ብረቱ ሲፋቅ ይህ ንጣፍ አብሮ ይነሳል። የተጠገነው ቦታ በደንብ ፀረ ዝገት ካልተቀባ በቀር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዝገው ለዚህ ነው። ሌላም ልጨምርላችሁ። ሃገንዶርፍ ላይ ያየነው ትሪፊላይት፣ የሊቲየምና የብረት ፎስፌቱ፣ ሰው ሠራሽ መንትያው ዛሬ በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ውስጥ ይሠራል። እንግዲህ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ውስጥ ትሪፊላይትን፣ በቀለሙ ሥር ፎስፎፊላይትን ይዞ ሊያልፋችሁ ይችላል። ሁለቱም ከአንድ የባቫሪያ ጉድጓድ የሚታወቁ ናቸው።

ታዲያ ብርቅ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ፋብሪካ በደቂቃ የሚሠራው ከሆነ ከፖቶሲ የወጣው ለምን ይከበራል?

አንደኛ፣ በሳይንሱ ሕግ ፋብሪካ የሠራው “ማዕድን” አይባልም። ዓለም አቀፉ የማዕድናት ጥናት ማኅበር ማዕድን የሚለው በተፈጥሮ ሂደት የተፈጠረውን ነው። ቀመሩም አወቃቀሩም አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ በዚህ ይለያያሉ።

ይህ የስም ክርክር ብቻ ቢመስላችሁ ሁለተኛውን ምክንያት ስሙ። የተፈጥሮ ክሪስታል ማኅደር ነው። ክሪስታሉ ሲያድግ ውሃው ምን ይዞ እንደነበር፣ ምን ያህል ሙቀት እንደነበረው፣ ኦክስጅን መቼ እንደገባ በላዩ ተጽፎ ይቀራል። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ስንጥቅ፣ ከምን ጋር ተያይዞ እንደወጣ ካልተመዘገበ ግን ማኅደሩ ርዕሱን ያጣል። ተራራው ራሱም እየጠፋ ነው። ሴሮ ሪኮ ለዘመናት ከመቆፈሩ የተነሣ አናቱ እየሰመጠ ስለሆነ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ፖቶሲን አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቷታል። ሠራተኞች ግን ዛሬም ሕይወታቸውን አስይዘው ይገቡበታል። ፋብሪካ የፎስፎፊላይትን ቀመር ሊደግመው ይችላል፤ የዚያን ተራራ ታሪክ ግን አይደግመውም።

ይህ ነገር ለእናንተም ይሠራል። ገጠር ወጥታችሁ የሚያምር ድንጋይ ስታነሱ የት እንዳነሳችሁት፣ መቼ እንደሆነና አጠገቡ ምን ዓይነት አለት እንደነበረ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ፎስፎፊላይት ነው ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ብታዩ ደግሞ ተጠራጠሩ፤ እውነተኛው በየሱቁ አይገኝም፣ ለጌጥም አይበረታም።

እቤት ሞክሩት

የፖቶሲው ክሪስታል በሴንቲሜትር ሲለካ የመኪናው በማይክሮን የሚለካው ለምንድን ነው? በገዛ ዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ አልሟሟም ብሎ ከታች መቅረት ሲጀምር አቁሙ። ጥሩውን ውሃ ብቻ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን በጠፍጣፋ ሳህን አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሌላውን በስኒ አድርጋችሁ በወረቀት ሸፍናችሁ፣ ማንም የማይነካው ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ሳህኑ ቶሎ ይደርቃል፤ ስኒውን ግን ብዙ ቀን ታገሡት፣ አታነቃንቁት።

ከዚያ ሁለቱንም በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ተመልከቱ። በተቻኮለው ውስጥ ብዙና ደቃቅ፣ በታገሠው ውስጥ ጥቂትና ተለቅ ያሉ፣ ጠርዛቸው የተስተካከለ ክሪስታሎች ብታዩ አይግረማችሁ። ፋብሪካው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ ብዙ፣ ደቃቅ፣ ባዶ ቦታ የማይተው። ተራራው የሰጠን ሁለተኛውን ነው። የሁለቱም ጨው ግን ያው አንድ ጨው ነው።